ፊሽካና ሰዓት፦ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፉትቦል ዳኝነትና የጨዋታ ጊዜ አያያዝ ታሪክ

የአሜሪካ ፉትቦል ከእግር ኳስ ከሚለይባቸው ጠባዮች አንዱ፣ ምናልባትም ዋናው፣ ጊዜን የሚይዝበት ሥርዓት ነው። በእግር ኳስ ሰዓቱ አንዴ ከተነሳ በኋላ ሳይቋረጥ ይሄድና የባከነው ደቂቃ በዋናው ዳኛ ግምት በመጨረሻ ይጨመራል፤ በአሜሪካ ፉትቦል ግን ሰዓቱ በየእንቅስቃሴው መካከል ሊቆም፣ ሊነሳ፣ ሲሳሳትም ሊታረም የሚችል በመሆኑ፣ ጊዜ ራሱ ሁለቱ ቡድኖች እንደ ሜዳው ሁሉ የሚሻሙበት ሀብት ሆኗል። ይህ ትረካ የሚከታተለው ያ ሀብት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ ውስጥ በማን እጅ እንደቆየ፣ ከዳኛው ኪስ ወደ ውጤት ሰሌዳው እንዴት እንደተሸጋገረ፣ የሰው ፍርድስ ከሰዓቱ ላይ ፈጽሞ ያልተነሳው ለምን እንደሆነ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ «ፉትቦል» የሚለው ቃልም ከዚህ በኋላ የአሜሪካውን ጨዋታ ብቻ ያመለክታል።

ኖቬምበር 6 ቀን 1869 በኒው ጀርዚ ግዛት፣ በኒው ብረንስዊክ ከተማ፣ የረትገርስና የፕሪንስተን ኮሌጆች ተማሪዎች ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሆነው ሲገጥሙ ጨዋታው የተለካው በደቂቃ ሳይሆን በጎል ነበር፤ አሥር ጎሎች እስኪቆጠሩ ድረስ ተጫውተው ረትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። እንዲህ ባለ ውድድር መሪው ቡድን ጊዜ ቢያባክን የሚያተርፈው ነገር ስለሌለ ሰዓት አያያዝ የሚባል ጥበብም ሆነ ተንኮል ሊኖር አይችልም ነበር። ሁኔታው የተለወጠው በ1876 የሃርቫርድ፣ የየል፣ የፕሪንስተንና የኮሎምቢያ ተወካዮች በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ተሰብስበው ከራግቢ የተቀዳ የጋራ ደንብ ሲያጸድቁ ነው። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሚፈጁ ሁለት አጋማሾች እንዲኖሩት ተወሰነ፤ ለዳኝነቱም ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ተወካይ ዳኛ፣ ከሁለቱ በላይ ደግሞ አንድ ገለልተኛ ዋና ዳኛ ተመደበ። ተወካዮቹ ዳኞች የየቡድናቸው ጠበቆች ያህል ስለነበሩ ክርክሩ ሁሉ ዋናው ዳኛ ላይ ይወድቅ ነበር፤ እርሱም በሚከራከርበት ጊዜ የጨዋታው ደቂቃ ያልፋል።

የጊዜ አጠቃቀም እንደ ስልት የተወለደው ግን ከአራት ዓመት በኋላ ነው ማለት ይቻላል። በ1880 በየል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ካምፕ አነሳሽነት የራግቢው ግርግር ቀርቶ፣ ኳሱን የያዘው ቡድን በአንድ መስመር ላይ ተሰልፎ ያለ ተቃራኒ ሽሚያ ኳሱን የሚያስነሳበት ሥርዓት ገባ፤ የተጫዋቾቹም ቁጥር 11 ሆነ። የደንቡ ጉድለት በቶሎ ታየ። ኳሱን የያዘ ቡድን እንዲለቅ የሚያስገድደው ነገር ስላልነበረ፣ በ1881 ፕሪንስተንና የል ሲገናኙ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አጋማሽ ኳሱን ይዘው ያለ ምንም ጎል ጨዋታውን ጨረሱት፤ ተመልካቹም ሰዓቱ ሲያልቅ ከማየት በቀር ያተረፈው አልነበረም። መፍትሔው በ1882 መጣ፦ በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ ያልገፋ ቡድን ኳሱን እንዲያስረክብ ተደነገገ። ያርድ ማለት 91 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሙከራ ደግሞ በጨዋታው ቋንቋ «ዳውን» ይባላል። ዛሬ ሜዳው ላይ የሚታዩት ነጭ መስመሮችና ርቀት የሚለካው ሰንሰለት የዚያ ውሳኔ ውጤቶች ናቸው፤ ውሳኔው ራሱ የተወሰደው ደግሞ ሰዓትን ለማቃጠል የተደረገን ሙከራ ለመከልከል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በቀጣዮቹ ዓመታት ተወካዮቹ ዳኞች ቀርተው፣ ኳሱን የሚከታተል ዋና ዳኛና የተጫዋቾችን ጠባይ የሚጠብቅ «አምፓየር» የተባለ ሁለተኛ ዳኛ ተተኩ። በ1894 የመስመር ዳኛ ተጨመረና ርቀት ከመለካት ሥራው ጋር የጨዋታውን ሰዓት መያዝም ለእርሱ ተሰጠ፤ የጨዋታው ርዝመትም በዚያው ዓመት ከ90 ወደ 70 ደቂቃ ወረደ። ሰዓቱ የሚታየው ለያዘው ዳኛ ብቻ ስለነበረ አሰልጣኝም ሆነ ተጫዋች ስንት ደቂቃ እንደቀረ ለማወቅ እርሱን መጠየቅ ነበረበት።

ጨዋታው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው በዚሁ ዘመን ነው። በማሳቹሴትስ የዌልስሊና የኒደም ትምህርት ቤቶች ከ1882 ጀምሮ በምስጋና ቀን የሚያደርጉት ግጥሚያ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መካከል ካሉት ሁሉ ጥንታዊው እንደሆነ ይቆጠራል። ልጆቹ የሚጫወቱት በኮሌጆቹ ደንብ ነበር፤ ኮሌጆቹን የመታው ቀውስም እነርሱን አልማራቸውም። በ1905 የውድድር ዘመን በመላ አገሪቱ በሜዳ ላይ ሕይወታቸው ካለፈ ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ የኮሌጅ ሳይሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዚያው ዓመት ኦክቶበር የሃርቫርድ፣ የየልና የፕሪንስተን ተወካዮችን ዋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታው እንዲታረም አሳሰቡ። በ1906 የጸደቀው ደንብ ኳስን ወደ ፊት በእጅ ወርውሮ ማቀበልን ፈቀደ፣ በሦስት ሙከራ የሚገፋውን ርቀት ወደ አሥር ያርድ አሳደገ፣ የጨዋታውን ርዝመት ደግሞ ወደ 60 ደቂቃ ዝቅ አደረገ። በ1910 ሁለቱ አጋማሾች ለሁለት ተከፍለው 15 ደቂቃ የሚፈጁ አራት ሩቦች ሆኑ፤ በ1912 አራተኛ ሙከራ ተጨመረ። የጊዜው መቀነስና መከፋፈል የደከመ ሰውነት ለጉዳት የተጋለጠ ነው ከሚል እምነት የመነጨ በመሆኑ፣ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫዋች ጤና መጠበቂያ ሆኖ ታየ።

ትምህርት ቤቶቹ ከኮሌጆቹ ጥላ የወጡት ቀስ በቀስ ነው። በ1920 የኢሊኖይ፣ የኢንዲያና፣ የአዮዋ፣ የሚሺጋንና የዊስኮንሲን የትምህርት ቤት ስፖርት ማኅበራት ቺካጎ ላይ ተሰብስበው ያቋቋሙት የመካከለኛው ምዕራብ ፌዴሬሽን ብዙ ሳይቆይ አገር አቀፍ ሆነ፤ ዛሬ መቀመጫው ኢንዲያናፖሊስ ሲሆን የሃምሳዎቹን ግዛቶችና የዋሽንግተን ዲሲን ማኅበራት ያቀፈ ነው። ፌዴሬሽኑ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብቻ የተዘጋጀ የፉትቦል ደንብ ማውጣት ጀመረ፤ በዚህ ሥራ ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው በኢሊኖይ ማኅበር ያገለገሉትና በኋላ የፌዴሬሽኑ የመጀመሪያ የሙሉ ጊዜ ኃላፊ የሆኑት ኤች. ቪ. ፖርተር ናቸው። የደንቡ መነሻ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ አይደለም የሚል ቀላል፣ ግን ብዙ ነገር የሚወስን ሐሳብ ነበር። ሩቡ 12 ደቂቃ፣ ጠቅላላው ጨዋታ 48 ደቂቃ የሆነውም ከዚህ ሐሳብ ጋር በመስማማት ነው። ሁሉም ግዛት ግን በአንድ ጊዜ አልተከተለም፤ ማሳቹሴትስ እስከ 2019 ድረስ በኮሌጆች ደንብ ስትጫወት ቆይታለች፣ ቴክሳስ ደግሞ እስካሁን በኮሌጆቹ ደንብ ላይ የራሷን ማሻሻያ እያደረገች ትጫወታለች።

ዳኛው ከተመልካችና ከተጫዋች ጋር የሚግባባባቸው ምልክቶች የተወለዱትም በእነዚሁ ዐሥርት ዓመታት ነው። በሚሺጋን የትምህርት ቤት ጨዋታዎችን ይዳኝ የነበረው ሎይድ ኦልድስ፣ እንግዳው ቡድን እንደ ዳኛው ነጭ ለብሶ በመጣበት ግጥሚያ አንድ ተጫዋች ተሳስቶ ኳሱን ስላቀበለው፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሸሚዝ አሰፍቶ መልበስ እንደጀመረ ይነገራል። በ1929 ሲራኪውስና ኮርኔል ሲጫወቱ ዳኛው ኤልዉድ ጋይገስ ለሬዲዮ ጋዜጠኞች ውሳኔውን የሚገልጽባቸው የእጅ ምልክቶች እንደተጠቀመ ይወሳል፤ ሰዓቱ እንዲቆም ወይም እንዲነሳ በእጅ ማመልከትም ዛሬ ከዚያ ቋንቋ አይነጠልም። ኦክቶበር 17 ቀን 1941 ደግሞ የያንግስታውን ኮሌጅ አሰልጣኝ ድዋይት ቢዲ ባለቤታቸው የሰፉትን ቀይ ጨርቅ ለዳኞች ሰጥተው፣ ቡድናቸው ከኦክላሆማ ሲቲ ጋር ባደረገው ጨዋታ ጥፋት ሲፈጸም እንዲወረውሩት አደረጉ። ከዚያ በፊት ጥፋት የሚነገረው በፊሽካ ወይም በጥሩምባ ስለነበረ ተጫዋቾች ጨዋታው የቆመ እየመሰላቸው ይዘናጉ ነበር። ጨርቁ እንቅስቃሴው ሳይቋረጥና ሰዓቱ ሳይቆም ጥፋቱን መመዝገብ አስቻለ፤ በ1948 የፕሮፌሽናሉ ሊግ ተቀበለው፣ ቀለሙም በጊዜ ሂደት ቢጫ ሆኖ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ተስፋፋ።

ዳኛ ሲሳሳት ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ በ1940 አገሪቱን አነጋገረ። ኖቬምበር 16 ቀን ኮርኔልና ዳርትመዝ ሲጫወቱ፣ ዋናው ዳኛ ሬድ ፍሪዝል የሙከራዎቹን ቁጥር ስቶ ለኮርኔል አምስተኛ ሙከራ ሰጠ፤ ኮርኔልም በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በዚያ ሙከራ ባስቆጠረው ነጥብ 7 ለ 3 አሸነፈ። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ ስህተቱ ግልጽ ሆነ፣ ዳኛው አመነ፣ ኮርኔልም በቴሌግራም ድሉን ለዳርትመዝ ለቀቀ። ውጤቱን የሚሽር ደንብ ወይም አካል አልነበረም፤ የተሻረው በአሸናፊው ፈቃድ ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ጨዋነት በትምህርት ቤት ስፖርት ታሪክ ውስጥ ሊወደስ የሚገባው ቢሆንም፣ ሥርዓት ሊመሠረትበት የሚችል መፍትሔ ግን አልነበረም፤ ይኸው ጥያቄ ከሰባ አራት ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል።

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በአብዛኛው የትምህርት ቤት ሜዳ ሰዓቱ በዳኛው እጅ ነበር፤ የሩብ መጨረሻም ብዙ ጊዜ በባዶ ጥይት ተኩስ ይበሰር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የኤሌክትሪክ ውጤት ሰሌዳ በየከተማው ሲተከል ሰዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁሉም ሆነ። የሚታየው ሰዓት ወዲያውኑ ሕጋዊ ሰዓት አልሆነም፤ በፕሮፌሽናሉ ሊግ እንኳ የሰሌዳው ሰዓት የጨዋታው እውነተኛ መለኪያ ሆኖ የጸናው በ1970 ነው። በትምህርት ቤቶች ጨዋታ ሰሌዳውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው መምህር ወይም ወላጅ ሲሆን፣ ከጨዋታው በፊት ዳኞቹ አግኝተውት ሥራውን ያስታውሱታል፤ ሰሌዳው ከተበላሸም ሰዓቱ ወደ ዳኛው እጅ ይመለሳል።

ሰሌዳውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው የሚከተለው ደንብ ከሚመስለው በላይ ረቂቅ ነው። የተወረወረ ኳስ ሳይያዝ መሬት ሲነካ፣ ኳስ የያዘው ተጫዋች ከሜዳ ሲወጣ፣ ነጥብ ሲቆጠር፣ ወይም ቡድን በአንድ አጋማሽ ከተፈቀዱለት ሦስት ዕረፍቶች አንዱን፣ ማለትም «ታይም አውት» የሚባለውን ሲጠይቅ ሰዓቱ ይቆምና የሚነሳው ኳሱ እንደገና ሲነሳ ብቻ ነው። አንድ ቡድን አሥር ያርድ ሞልቶ አዲስ የመጀመሪያ ሙከራ ሲያገኝ ወይም ቅጣት ሲፈጸም ግን፣ ሰንሰለት ያዦቹ እስኪንቀሳቀሱና ኳሱ እስኪቀመጥ ሰዓቱ ቆሞ ይቆይና ዋናው ዳኛ ጨዋታው ዝግጁ መሆኑን በፊሽካ ሲያበስር ይነሳል። በሁለቱ አነሳሶች መካከል ያለው ልዩነት በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ማንም የማያስተውለው ሲሆን፣ በመጨረሻው ደቂቃ ግን አሸናፊውን ሊወስን ይችላል፤ ከኋላ የሚከተል ቡድን ኳስ ከያዘ ተጫዋቹ ከመስመር እንዲወጣ፣ የሚመራው ደግሞ ሜዳ ውስጥ እንዲወድቅ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሩቡም ፍጻሜ የሚወሰነው በሰሌዳው ላይ በሚታየው ዜሮ አይደለም። ዋናው ዳኛ ጥፋት፣ የሰዓት ስህተት ወይም የዕረፍት ጥያቄ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ኳሱን ከራሱ በላይ ከፍ ሲያደርግ ነው ሩቡ የሚያበቃው። ግልጽ የሰዓት ስህተት ከተገኘ ከስህተቱ በኋላ ያለው ሁለተኛ እንቅስቃሴ ሳይጀመር የማረም ሥልጣን አለው፤ በመጨረሻው እንቅስቃሴ ላይ ጥፋት ተፈጽሞ ቅጣቱ ተቀባይነት ካገኘም፣ ደንቡ ከዘረዘራቸው ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ያለ ሰዓት አንድ ተጨማሪ ሙከራ ይሰጣል። ይህ ድንጋጌ ከሁሉ የላቀ ፍትሐዊነት አለው፤ አለበለዚያ የሚመራ ቡድን በመጨረሻው ሰከንድ ሆን ብሎ ጥፋት እየሠራ ሊያተርፍ ይችል ነበር።

በእኩል ነጥብ የተጠናቀቀ ጨዋታ ምን ይሁን ለሚለው መልስ የሰጠው የካንሳስ ግዛት የትምህርት ቤቶች ማኅበር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሥራ ላይ ባዋለው ዘዴ ሁለቱ ቡድኖች ከአሥር ያርድ መስመር ተነስተው እያንዳንዳቸው አራት ሙከራ ያገኛሉ፤ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ኮሌጆቹ በ1996 የመነሻውን መስመር ወደ 25 ያርድ አርቀው ዘዴውን ተቀበሉት። ብዙ ጊዜ ደንብ ከኮሌጅ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚወርድ ይታሰባል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ታናሹ ታላቁን አስተምሯል።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰዓትን መጠቀም የአሰልጣኝነት ትምህርት አካል ሆነ። ኖቬምበር 19 ቀን 1978 በፕሮፌሽናሉ ሊግ ኒው ዮርክ ጃየንትስ 17 ለ 12 እየመራ፣ ተቃራኒው ፊላደልፊያ ኢግልስ ዕረፍቶቹን ሁሉ ጨርሶ፣ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ቀርተው ሳለ፣ ጃየንትስ ኳሱን ከተጫዋች ወደ ተጫዋች ለማቀበል ሲሞክር ወደቀበትና የኢግልሱ ኸርም ኤድዋርድስ አንስቶ ወደ ጎል ሮጠ፤ ኢግልስ 19 ለ 17 አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የሚመራ ቡድን ኳሱን ተቀብሎ ወዲያው ጉልበቱን መሬት በማስነካት ሙከራውን መጨረስ በየደረጃው የተለመደ ሆነ። ተቃራኒው ዘዴ ደግሞ ከኋላ ያለ ቡድን ኳሱ እንደተነሳ ወደ መሬት ወርውሮ አንድ ሙከራ በመሠዋት ሰዓቱን ማስቆሙ ነው። ይህ ዘዴ ቁጥርን ለሳተ ዳኛ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ኦክቶበር 6 ቀን 1990 ታየ፦ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በሚዙሪ ሜዳ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሰዓት ለማስቆም ኳሱን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ሲጥል፣ የሙከራ ቁጥር አመልካቹ በመሃል ሳይቀየር በመቅረቱ አምስተኛ ሙከራ አግኝቶ 33 ለ 31 አሸነፈ። በዚህኛው ጊዜ ድሉን የመለሰ አልነበረም።

ቀጣዩ ለውጥ የተነሳው ከትምህርት ቤት ሜዳ ነው። በአርካንሶ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ አሰልጣኝ የነበረው ገስ ማልዛን፣ በእንቅስቃሴዎች መካከል ተሰብስቦ መመካከርን ትቶ በተከታታይ ፈጥኖ የሚያጠቃ ስልት አዳበረ፤ በ2003 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ፣ በ2005 ደግሞ የስፕሪንግዴልን ትምህርት ቤት ለግዛቱ ሻምፒዮናነት አበቃ። ፍጥነቱ በደንቡ ውስጥ የተደበቀ ችግር አጋለጠ። በዚያን ጊዜ ቡድን ኳሱን እንዲያስነሳ የሚሰጠው 25 ሰከንድ መቆጠር የሚጀምረው ዋናው ዳኛ የዝግጁነት ፊሽካውን ሲነፋ ነበር፤ ፊሽካው በስንተኛው ሰከንድ እንደሚነፋ ግን ደንቡ አይወስንም። አንዱ ዳኛ በአሥር ሰከንድ፣ ሌላው በሃያ ሰከንድ ሊነፋ ስለሚችል፣ የጨዋታው ፍጥነት በአሰልጣኙ ስልት ሳይሆን በተመደበው ዳኛ ልማድ ይወሰን ነበር። ጨዋታ የሚጨርስ ቡድንም ሦስት ጊዜ ቢንበረከክ ስንት ሰከንድ እንደሚያቃጥል አስቀድሞ ማስላት አይችልም፤ ሦስት ጊዜ 25 ሰከንድ 75 ሰከንድ ቢሆንም፣ በላዩ የሚጨመረው የዳኛው ቆይታ ከዳኛ ዳኛ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ደንቡ ጊዜን በማይገባ መንገድ ለማባከን ወይም ለመቆጠብ ለሚሞክር ቡድን ሰዓቱን ማቆም ወይም ማስነሳት ለዋናው ዳኛ ፈቅዶ ነበር፤ የዳኛውን የራሱን ዝግመት የሚያርም ድንጋጌ ግን አልነበረም።

የነጥብ ልዩነት እጅግ ሲሰፋ ጨዋታውን የማሳጠር ልማድም በየግዛቱ ሥር ሰደደ። ብዙ ማኅበራት በሁለተኛው አጋማሽ ልዩነቱ 35 ነጥብ ሲደርስ ሰዓቱ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ሳይቆም እንዲሄድ ደነገጉ፤ በአነስተኛ ትምህርት ቤቶች በሚዘወተረው የስድስት ተጫዋች ፉትቦል ደግሞ የ45 ነጥብ ልዩነት በአጋማሹ ላይ ወይም ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ፈጽሞ ያበቃዋል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ሰዓቱ የተሸናፊውን ልጅ ሰውነትና ክብር እንዲጠብቅ መደረጉ የትምህርት ቤቱን ጨዋታ ከገበያው ጨዋታ ከሚለዩት መልካም ነገሮች አንዱ ነው።

በኖቬምበር 2014 መጨረሻ በኦክላሆማ የተፈጸመው ግን የዳኛውንም የደንቡንም ወሰን አሳየ። በጥሎ ማለፉ የሩብ ፍጻሜ ጨዋታ የኦክላሆማ ሲቲው ዳግላስ ትምህርት ቤት በሎከስት ግሮቭ ትምህርት ቤት 20 ለ 19 እየተመራ፣ አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ሲቀር 58 ያርድ የተጓዘ «ተችዳውን»፣ ማለትም የስድስት ነጥብ ጎል አስቆጠረ። ሆኖም የዳግላስ አሰልጣኝ በመስመሩ ዳር ከተጫዋቹ ጋር ሲሮጥ ከአንድ ዳኛ ጋር በመጋጨቱ ጨርቅ ተወረወረ። ደንቡ የሚያዝዘው ነጥቡ ጸንቶ አምስት ያርድ በተከታዩ እንቅስቃሴ ላይ እንዲቀጣ ነበር፤ ዳኞቹ ግን ነጥቡን ሰረዙት፣ ዳግላስም ተሸነፈ። የግዛቱ ማኅበር ስህተቱን በግልጽ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ውጤቱን ግን መለወጥ እንደማይችል አስታወቀ። የከተማው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ጨዋታው በሙሉ ወይም የመጨረሻው 64 ሰከንድ እንዲደገም ፍርድ ቤት ከሰሰ፣ ቀጣዩ ዙርም ለጊዜው ታገደ። በዲሴምበር የኦክላሆማ ካውንቲው ዳኛ በርናርድ ጆንስ ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ፤ ፍርድ ቤት አንድ ጊዜ የሜዳ ዳኝነት ውስጥ ከገባ ማብቂያ አይኖረውም ከሚል ሥጋት ጋር፣ የጨዋታውን መንፈስና ሁኔታ በሌላ ቀን እንዳለ መመለስ የማይቻል መሆኑ ከባድ ክርክር ነበር። የ64 ሰከንዱ ጥያቄ ከሕግ አንጻር ቢሸነፍም ከፍትሕ አንጻር ግን ቀላል አልነበረም። ልጆቹ በሜዳ ያገኙት በደንቡ መሠረት የእነርሱ ነበር፤ የወሰደባቸውም የማየት ስህተት ሳይሆን የደንብ አለማወቅ ነው። ለእንዲህ ያለው ስህተት ደንቡ የሰጠው መፍትሔ አሰልጣኙ ዕረፍት ጠርቶ ዋናውን ዳኛ ማነጋገር እንዲችል ሲሆን፣ ዳኛው ትክክል ሆኖ ከተገኘ ዕረፍቱ ከአሰልጣኙ ይቆረጣል፤ ኳሱ ለቀጣዩ እንቅስቃሴ ከተነሳ በኋላ ግን በሩ ይዘጋል።

ፌዴሬሽኑ በቀጣዮቹ ዓመታት ያጸደቃቸው ለውጦች በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ናቸው። በ2017 በየአጋማሹ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቅጣት ሲፈጸም፣ የተበደለው ቡድን ከፈለገ ሰዓቱ በዳኛው ፊሽካ ሳይሆን ኳሱ ሲነሳ እንዲቆጥር የመምረጥ መብት አገኘ፤ በዚህም በጥፋት ሰዓት ማቃጠል ትርፍ አልባ ሆነ። በ2019 ከሁሉ የላቀው ለውጥ መጣ፦ ኮሌጆቹ ከ2008 ጀምሮ ይዘውት የነበረው የ40 ሰከንድ ቆጠራ ተፈቀደ። በተራ እንቅስቃሴ መጨረሻ ላይ አንዱ ዳኛ ኳሱ መሞቱን እንዳመለከተ 40 ሰከንዱ ይጀምራል፤ ከቅጣት፣ ከዕረፍት፣ ኳስ ከቡድን ወደ ቡድን ከተላለፈ በኋላና በመሳሰሉት ሁኔታዎች ግን የቀድሞው 25 ሰከንድ ከዋናው ዳኛ ፊሽካ ጋር ይቀጥላል። አሁን ሦስት ጊዜ የሚንበረከክ ቡድን፣ ተቃራኒው ዕረፍት ካልቀረው፣ ሁለት ደቂቃ ያህል እንደሚያቃጥል ማንም አሰልጣኝ ያውቃል፤ የዳኛው ልማድ ከስሌቱ ወጥቷል። በዚያው ዓመት የግዛት ማኅበራት በጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ብቻ የቪዲዮ ምስል ተመልክቶ ውሳኔን ማረም እንዲችሉ ተፈቀደላቸው። በ2020 ደግሞ ከአቀባዩ ርቆ የሚቆመው ተጫዋችም ኳሱን መሬት ላይ ጥሎ ሰዓት እንዲያስቆም ተፈቀደ፤ ቀድሞ መብቱ ኳሱን ከእጅ ወደ እጅ ለሚቀበል ብቻ ነበር።

እነዚህ ደንቦች ሁሉ የሚሠሩት የሚያስፈጽማቸው ሰው ሲኖር ነው። በተለመደው ባለ አምስት ዳኛ ቡድን ውስጥ ነጭ ቆብ ያደረገው ዋና ዳኛ፣ አምፓየሩ፣ በሁለቱ ዳርቻዎች ያሉት የመስመር ዳኞችና የኋላው ዳኛ ሥራውን ይከፋፈላሉ፤ የማስነሻ ሰከንዶቹን የሚቆጥረው የኋላው ዳኛ ሲሆን፣ የሚታይ ሰዓት በሌለበት ሜዳ አሥር ሰከንድ ሲቀር እጁን ያነሳል፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች ደግሞ በእጁ ይቆጥራል። አብዛኞቹ ቀን ሌላ ሥራ ውለው ዓርብ ማታ የሚመጡ ናቸው። በ1980 በባሪ ማኖ የተመሠረተው ብሔራዊ የዳኞች ማኅበር ከተመልካችና ከወላጅ የሚደርስባቸውን ስድብና ዛቻ ለዓመታት ሲያሳውቅ ቆይቷል፤ ፌዴሬሽኑም በ2017 አዲስ ዳኞችን የመመልመል ዘመቻ ከፈተ። ሆኖም ከ2018–19 የውድድር ዘመን ወዲህ በሁሉም የስፖርት ዓይነቶች 50,000 ያህል የሁለተኛ ደረጃ ዳኞች ሥራውን እንደተዉ ፌዴሬሽኑ አስታውቆ ነበር። በዚህ ምክንያት በብዙ ግዛቶች የዓርብ ጨዋታዎች ለዳኛ እጥረት ሲባል ወደ ሐሙስና ቅዳሜ ተዛውረዋል። ልምድ ያለው ዳኛ ሲሄድ አብሮት የሚሄደው ፊሽካ ብቻ አይደለም፤ በመጨረሻው ደቂቃ ሰዓቱ በፊሽካ ይነሳል ወይስ ኳሱ ሲነሳ የሚለውን ያለ ማመንታት የሚመልስ አእምሮም ነው፣ ያንን ደግሞ በአንድ የክረምት ሥልጠና መተካት አይቻልም።

በ2023 ኮሌጆቹ በየአጋማሹ ካሉት የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች በስተቀር አዲስ የመጀመሪያ ሙከራ ሲገኝ ሰዓቱን ማቆም ተዉ፤ ዓላማቸው የእንቅስቃሴዎችን ቁጥር መቀነስና ጨዋታውን ማሳጠር ነበር። የፌዴሬሽኑ ደንብ ግን አልተከተላቸውም። አሥራ ሁለት ደቂቃ በሚፈጅ ሩብ ውስጥ፣ ሰንሰለቱን የሚሸከሙት የሰፈር ሰዎች በሆኑበትና ዳኞቹ አምስት ብቻ በሆኑበት ሜዳ፣ ሰንሰለቱ ወደ አዲሱ ቦታ እስኪደርስ ሰዓቱ መቆሙን ቀጥሏል።